ሥልሳ አንደኛው ቀን

ማኅተሙ ጎማ አለው፣ ቀኑ በጥርስ ይዞራል፤
አውራ ጣት ሲነካው አንድ ዕለት ይሻገራል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ደብረ ማርቆስ ችሎት፣
በዚህ ጣት ቆጥሬያለሁ የስንቱን ሰው ዕለት።

ሐምሌ ሃያ አምስት ነው፤ ቆርቆሮው ይጮሃል፤
ከሰዓት በኋላ፣ መብራቱም ጠፍቷል።
አንጓች ገባች፣ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ፣
ውሳኔው ግን ደረቅ፣ ከጉያዋ ፌስታል ለብሶ።
«ሦስት ጥማድ ናት» አለች፣ «የሟች ባሌ ድርሻ፤
ዋርሳዬ አርሷታል እስከ ጓሮ መድረሻ።»

ቆጠርሁ። ደግሜ ቆጠርሁ በጣቴ መገጣጠሚያ፤
ሥልሳ ቀን ነው ሕጉ የይግባኝ ማቅረቢያ።
ዛሬ ሥልሳ አንድ ነው።
«ትናንት የት ነበርሽ?» አልኋት።
«ጨሞጋ ዳር» አለች። «ሞልቶ። ቆሜ አደርሁት።»

ክፍሉ ባዶ ነበር። የሚያየኝ የለም፤
አንድ ጥርስ ወደ ኋላ መመለስ አይከብድም፤
ዛሬ ትናንት ይሆናል፤ ማን ያውቃል? ማንም።

ጣቴ ሄደች።
ቆመች።
ዛሬ ለእንባ የዞረች ጎማ ነገ ለወይፈን ትዞራለች፤
ጎማ ምን ታውቃለች? የገፋትን ትሰማለች።

መታሁት። ሃያ አምስት። ቀለሙ እንኳ ጠቆረ፤
የአንጓች ዓይን ከወረቀቱ ላይ ቀረ።
ፊደል አታውቅም፤ ድምፁን ግን ለየችው፤
በር እንደሚዘጋ አድርጋ ሰማችው።
ከኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በደቃቁ፣
«እስከ ወገብ እርጥብ» ብዬ ጻፍሁ። ሥልጣኔ እንደሁ የሚያውቁ ይወቁ።

ጥቅምት ችሎት ሲከፈት ጠበቃው ተነሣ፤
ክፉ ሰው አይደለም፤ ያለውን አልረሳ፦
«ክቡር ዳኛ፣ ጨሞጋ ሐምሌ ሁሉ ይሞላል፤
ሥልሳ ቀን የተሰጠው ለዚሁም ይመስላል።
ወንዝ በሞላ ቁጥር ቀን ከጨመርን ዛሬ፣
የረታ ሰው መቼ ይተኛ በአገሬ?»

ዳኛ እንዳላማው መነጽሩን አወለቀ፤
ከእርሳሴ ጽሑፍ ላይ ዓይኑ ዘገየ፣ አልራቀ።
ጠበቃውን ትቶ ዞረ ወደ ዋርሳዋ፦
«አንተስ ቤትህ ወዴት ነው?»
«ማዶ ነው፣ ከጓሮዋ።»
«ሐምሌ ሃያ አራት ወንዙ እንዴት ነበረ?»

ቢተው ዝም አለ። ጠበቃው ጎኑን ጎሸመው፤
ባርኔጣውን ይዞ በጣቱ አዞረው፤
ሦስት ጥማድ መሬት ምላሱ ላይ ነበረ።
«ሞልቶ ነበር» አለ። «የኔን በሬ ሳይወስድ ለጥቂት ነው የቀረ።»

ሕጉ ውስጥ «በቂ ምክንያት» የምትል አንዲት ጠባብ በር አለች፤
ቁልፏ ከወረቀቱ የለም፤ ያን ዕለት ከቢተው አፍ ወጣች።

ታኅሣሥ ላይ ፍሬ ነገሩ ታየ። አንጓች ተረታች።
ደብተሩም፣ የቀበሌው ልኬትም፣ ሽማግሌዎቹም ለሱ መሰከሩ፤
እኔም አንብቤዋለሁ፤ እንደዚያ ነው ድንበሩ።

ስትወጣ በመስኮቴ ቆም አለች።
«በፍርድ የሄደች በቅሎ…» አለችና ተወችው፤
ቀሪውን ጎጃም ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አልጨረስሁላት፣ ዝም አልሁት።

አሁንም ማኅተሙን ጠዋት ጠዋት ሳዞር
ጣቴ ሃያ አራት ላይ ትንሽ ትቆማለች፤
«ቢተው ቢዋሽስ ኖሮ?» ብላ ትጠይቀኛለች።