ደረሰኝ

ከስታዲየሙ ግንብ ሥር፣ ከጥላው በኩል ተቀምጬ፣
ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ለሰው ቁጣ ቃል መርጬ።
አንዱን ገጽ በሰማንያ፣ ግልባጭ ካለው በመቶ ብር፤
እውነት ቢሆን ቅናሽ የለኝ፣ ሐሰት ቢሆን አልጨምር።

ማክሰኞ በጠዋት፣ ባቡሩ በድልድዩ ላይ ሲያልፍ፣
ጠረጴዛዬን ሲያንቀጠቅጥ፣ ብዕሬን አንስቼ ሳርፍ፣
አሰልጣኝ ሽመክት መጣ፣ ፊሽካው ካንገቱ ሳይወርድ፤
ቆሞ ነው ያጻፈኝ፣ ወንበር ባቀርብለት ሳይወድ።

«ጉዳዩ፦ ስለ ተገዛ ግራ እግር» በል አለኝ።
«ከእሪ በከንቱ ቁልቁለት፣ ኳስ ወንዝ ከሚገባበት ጓሮ፣
አቤኔዘርን ያወጣሁት እኔ፤ ዐሥር ዓመቴ ይኸው ተቆጥሮ።
ዛሬ ኮሌጁ በፖስታ፣ መቶ ሃምሳ ሺህ አሽጎ፣
በአቶ ደምመላሽ እጅ ሰጠው፣ ትምህርቱን ምክንያት አድርጎ።
ለእናቱም ማቀዝቀዣ፣ በሌሊት በአይሱዙ የመጣ፤
ጎረቤት ሁሉ አይቶታል፤ ሲጠሩት ግን ማን ሊመጣ።»

ጻፍኩ። «ተገዛ» የምትለዋን አስምርባት አለኝ፤ አሰመርኩ።
መቶውን ቆጥሮ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ መኪናውን ለገሃር አቁሞ፣
አቶ ደምመላሽ በእግሩ መጣ፤ ከጀርባዬ ጥቂት ቆሞ፣
የሌላ ሰው ውል እስክጨርስ ጠበቀ፤ ወንበሩንም አልናቀ።
ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፣ መነጽሩን እያወለቀ፦

«ጉዳዩ፦ ስም ማጥፋት። እኔ ልጁን አልገዛሁም።
እናቱ ስኳር አለባት፤ አይቼ ዝም አላልኩም።
ብድር ነው፣ ሰው ለሰው ነው። ማቀዝቀዣውም ለመድኃኒት፤
ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም፤ ይሄ ነው ወይ የኔ ጥፋት?
ይልቅ እሱ ይጠየቅ፤ በልጁ ከክለብ ሲደራደር፣
ያንገበገበው ፍቅር ነው፣ ወይስ የበላው ቀብድ ነበር?»

ይህንንም ጻፍኩ።
ሁለት መቶ ዘርግቶ፣ «መልሱ ይቅር» አለኝ።
«አልገዛሁም» የምትለዋን፣ ሳይለኝ፣ እኔው አሰመርኩ።

አመሻሽ ላይ ካርቦኑን ወደ ፀሐይ ከፍ ባደርገው፣
ሁለቱ ደብዳቤዎች በአንድ ገላ ላይ ተዛንቀው፤
የጠዋቱ «ተገዛ»፣ የከሰዓቱ «አልገዛሁም»፣
አንዱ ባንዱ ላይ ተኝቶ፣ ለይቼ ማንበብ አልቻልኩም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ የታሸገ ውሃ ጠጣ።
«ደረሰኝ አለ?» ብሎ ጠየቀ።
ከሳሽ፦ «ሌባ ደረሰኝ አይቆርጥም።»
ተከሳሽ፦ «ደግ ሰው ደረሰኝ አይቆርጥም።»
እናቲቱን ጠየቋት፤ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ዝም።
«ደረሰኝ» የሚል ሰው ታጣ፤ ደረሰኝም የለም።
እስኪጣራ ልጁ ታገደ፤
ወንፊቱ የማን እንደሆነ የነገረን የለም።

ኀሙስ ዕለት ልጁ መጣ፤ ካሰብኩት በላይ ቀጭን፣ ረጅም፤
ግራ እግሩን ከወንበሩ ሥር እንደ ሰው ዕቃ አስቀመጠው፣ አያንቀሳቅሰውም።
«ግማሽ ገጽ ስንት ነው?» አለ። «አርባ» አልኩት፣ ደንብ ባይኖረኝም።
ከኪሱ አርባ ብር አወጣ፤ ሌላ ያለው አይመስልም።
ጫማው ግን አዲስ ነው፣ ማሰሪያው ገና ያልላላ፤
አፌ አልጠየቀውም፤ ዓይኔ ግን ጠየቀው በኋላ።

«ምን ልበል?» ስለው ግንቡን አየ። ከወዲያ ማዶ ፊሽካ ተነፋ።
«ልጫወት በልልኝ።»
«ጉዳዩ?»
«ልጫወት።»
«ምክንያት?»
መልስ የለም። ጉልበቱ ብቻ ከጠረጴዛው ሥር ተንቀጠቀጠ፤
ባቡር የሚያልፍ መስሎኝ ብዕሬን አነሳሁ።

ጻፍኩለት። ግልባጭ የለውም፤ ካርቦኑንም አላስገባሁም።
ምንም ቃል ላይ አላሰመርኩም።

በዚያ ሳምንት፣ ከሦስት ሰው፣
ሦስት መቶ አርባ ብር ደረሰኝ፤
ደረሰኝ ግን አልሰጠሁም።