የነጩ ድንጋይ ከፍታ

ሌሊቱ ዐሥር ነው፤ ፋሮ ደሴት ላይ
ባሕር ከየት ያልቃል? ከየት ነው ሰማይ?
ሱኒቫ ብቻዋን፣ ከጣቢያው መስኮት ሥር፣
ለሚመጣው አብራሪ መልስ ታሰናዳ ነበር፦
ደመናው ከምድር ስንት ሜትር ይርቃል?
ማኮብኮቢያው ለዓይን መቼ ይገለጣል?

መጀመሪያ ሳተላይት። ያ ከላይ የሚያይ ዓይን፣
በጨለማም ቢሆን የሚያነብ ሙቀትን።
ሕጉ ቀላል ነው፤ ከፍ ያለ ይበርዳል፣
ደመናም ቁመቱ በብርዱ ይሰላል።
ዛሬ ግን ምስሉ ላይ ምንም የለም፤ ባዶ፣
ጥቁር ባሕር ብቻ እስከ ኖርዌይ ማዶ።

ደመናው ዝቅ ብሎ ከውኃው ላይ ተኝቶ፣
የባሕሩን ሙቀት ከባሕሩ ተጋርቶ፣
ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ላለው ዘብ
"የለሁም" ይለዋል።
ሌባ የባለቤቱን ካፖርት ለብሶ ሲወጣ
የትኛው ውሻ ይጮኻል?

ሜዳው ላይ ደግሞ ሣጥን አለ፣ ደረቷ ድረስ የሚሆን፤
በየዐሥራ አምስት ሰከንዱ ሽቅብ ይተኩሳል
ዓይን የማያየው ጨረር።
ይወጣል፣ ይነካል፣ ይመለሳል፤
የመንገዱ እኩሌታ ቁመቱ ነው።
እንደ ገደል ማሚቶ፦
የጠራኸው ስም ከዘገየ፣ ገደሉ ሩቅ ነው።

ሣጥኑ መለሰ፦ ዜሮ።

ዜሮ?
ወይ ደመናው መሬት ወርዷል፣
ወይ መስተዋቱ ታውሯል።
ባትሪዋን ይዛ ወጣች። ጨው ነበር፤
ጨውና የወፍ ኩስ።
በሹራቧ እጅጌ ጠረገችው፣
ከሕፃን ዓይን ጉድፍ እንደምታወጣ፣ ትንፋሿን ይዛ።

ዘጠና አለ። ቀጥሎ መቶ አርባ። ቀጥሎ ስልሳ።
ደመና እኮ ጣሪያ አይደለም፤
ጠርዙ የተበተነ ባዘቶ ነው፣
የቱ ጋ እንደሚጀምር ራሱም አያውቅ።

ሊነጋጋ ሲል ስልኩ ጮኸ።
ትሮንዱር ነው፤ ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ፣
እንቅልፉ ግን ዛሬም ፈረቃ ይገባል።
"ከበረቱ በላይ ያለው ነጭ ድንጋይ አይታየኝም።
መቶ ዐሥራ ሁለት ሜትር ነው፤ በገመድ የለካሁት እኔ ነኝ።
ደመናው ከዚያ በታች ነው፣ ጻፊ!"
"ድንጋዩን ኖራ የቀባኸው መቼ ነው?"

ዝም አለ።
በመስመሩ ውስጥ የበግ ደወል ተሰማ።
"ጉልበቴ እሺ ይለኝ በነበረበት ጊዜ" አለ።

እንግዲህ ሦስት ምስክር፦
አንዱ የተታለለ፣ አንዱ ዓይኑ የተጠረገ፣
አንዱ ሽበት ያበቀለ ድንጋይ።
"ዘጠና ሜትር" ብላ ጻፈች፤
ከጎኑም፣ እጇን ሳይቀፋት፣ "ግምት"።

አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ ዞረ።
ድምፁ ከባዘቶው በላይ መጣ፣ ሄደ፣
ከዚያ ወደ በርገን ሳሳ።

እሑድ ሰማዩ ወለል ብሎ ዋለ።
ሱኒቫ ባልዲ ኖራና አሮጌ ብሩሽ ይዛ ወጣች።
ድንጋዩ አረንጓዴ ነበር፣ ሽበት የለ፣ ዝም ብሎ ሽበቶ።
ታች፣ ከመንደሩ መስኮት፣
ትሮንዱር በእጁ ያመለክታል፦ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ!
እሷ ግን፣ ከዚያ ርቀት፣
እጅ ይሁን መጋረጃ አልለየችም።