የጎደለችው «ል»

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፥ ከላሜራ ጥላ፥
ሃያ ሁለት ዓመቴ፥ ሰው ሲያለቅስ ስጽፍ፥ ሰው ሲካሰስ ስበላ።
ኦሊቬቲዬ አርጅታለች፥ እንደኔው ጥርሷ ረገፈ፤
«ል»ን ስመታት አትወጣም፥ ብረቷ ከተቀረፈ።
ቦታዋን ትቼ አልፍና ኋላ በብዕር እሞላለሁ፤
«ልጄ» ብሎ ለሚያስጽፈኝ
«ጄ»ን በመኪና መትቼ፥ «ል»ን በእጄ እጽፋለሁ።

ምንተስኖት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረ።
በነሐሴ፥ አንድ ማታ፥ ሁለት ዳቦ ሊገዛ ወጣ፤
ዳቦ ቤቱ መቶ እርምጃ ነው። አልመጣ።
ዳቦው ግን መጣ፤
ከግቢያቸው ካብ ላይ፥ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፥
አርባ ሳንቲሙ መልስ ከላዩ፥ ሳይጎድል ተደላድሎ።

ጎንደር ያን ዳቦ እስከ ዛሬ ታላምጠዋለች።

«አጎቱ ነው» አሉ የሳሙና በር ሰዎች፤ «አያልሰው፥
የደፈጫውን መሬት ተካፈል ሲሉት ደም ሥሩ የሚገተረው።
ውሻው ያልጮኸበት ሰው ነው እስከ ካቡ የዘለቀ፤
ዳቦውን ማን ይመልሳል፥
ቤቱ ጦሙን እንዳያድር ከተጨነቀ ሰው በቀር፥ ቤቱን ካላወቀ?»

«ቆፋሪዎች ናቸው» አሉ ሌሎች፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤
«ከፈረሰው ግንብ ሥር ወርቅ አለ፤
ጠባሳ የሌለው ልጅ ነው በሩን የሚያስከፍተው።»
ይህን የነገሩኝ የጡረታ ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ
የፊዚክስ መምህር ናቸው።

ፖሊስ ሽባባውን ያዘ፥ የአዘዞውን ባለ ባጃጅ፤
ከወንበሩ ሥር ዱቄት ተገኘ።
ለዳቦ ቤቱ ዳቦ ያመላልስ ነበር፤ ሌላ ምን ሊገኝ?
አሥራ አንድ ዓመት ፈረዱበት። ይግባኙን እኔ ጻፍኩለት፤
«ልጁን አልነካሁም፥ አልጫንኩም» ላይ ስደርስ
ብዕሬን ሦስት ጊዜ አነሣሁት።
ተፈቷል አሁን። ባጃጁም ትሠራለች፥
ልጅ ያዘለች ሴት ግን እጇን አታነሣላትም፥ ዝናብ እየመታት ትሄዳለች።

«አባትየው ነው፤ የቁማር ዕዳ» የሚልም አልጠፋ።
ጓዴ ይህን ሰምቶ ከሰው ራቀ፥ ከማኅበሩ ጠፋ፤
ፋሲካ ሳይደርስ ሞተ፤
መሞቱም ማስረጃ ተባለ።

ከአንገረብ የወጣው አስከሬን በሹራቡ ነው የታወቀ፤
ያችን ሹራብ የሠራች ሴት ለሠላሳ ተማሪ ሠርታለች።
«መተማ ላይ መኪና ሲያጥብ አየሁት፥ ጢም አውጥቷል» ላለ ሹፌር
እናቱ ስድስት ጊዜ የመሳፈሪያ ሰጥታለች።

አንዱን መላ ምት ብቻ ማንም አላነሣው።
ገንዘብ የምትጠይቀው ደብዳቤ በችሎት ስትቀርብ ከኋላ ወንበር ነበርኩ፤
ዓቃቤ ሕጉ ከፍ ሲያደርጋት በዓይኔ አነበብኩ፦
«ልጃችሁ በእጃችን ነው።»
«ጃችሁ» በመኪና።
«ል» በብዕር።

ቅዳሜ ነበር ይሆን? በገበያው ጫጫታ፥
ሰው ሲያስጽፈኝ ጣቴ ብቻ ሰምቶ፥ ጆሮዬ ተኝታ?
ወይስ ምሳ ስወጣ ሊስትሮው ሲጠብቃት የተቀመጠባት አለ?
ወይስ በዚህ ከተማ ሌላም ጥርሰ ጎደሎ መኪና አለ?
የኔ «ል» ጎንበስ ትላለች፤ የዚያች ቀጥ ያለች ነበረች።
ይህን ለራሴ ስነግር ኖርኩ፤
እኔም እንደ አገሩ መላ ምት አለኝ፥ ታስተኛኛለች።
በዚያን ቀን ግን ተነሥቼ አልተናገርኩም።
ሽባባው ዞር ያለ መሰለኝ። ቀና አላልኩም።

ወይዘሮ አትጠገብ በየነሐሴው ትመጣለች፥
«መዝገቡ ይከፈትልኝ» ልታስጽፍ፤
ዱካዋን በየዓመቱ ወደ ጠረጴዛዬ ታስጠጋለች።
ዘንድሮ መነጽር አድርጋለች።
«የልጄ ነገር» የሚለው ላይ ደረስኩ፤ ብዕሬን አነሣሁ፤
እጄን ስታይ ቆየች።

«ዛሬ ቀጥ አደረግሃት» አለች።

ከፈለች፤ መልሷን ሳትቀበል ሄደች።
ሳንቲሙ እስኪመሽ ከወረቀቱ ላይ ነበር።