ሁለት ምላጭ

ቅጹ ላይ አንዲት ሣጥን አለች፣ ጠባብ፣ የጥፍር ያህል፦
«መሣሪያ ወጥቷል?» — «አዎ» ወይ «አይ» በል።
ከሥሯ ሰዓት፣ ቦታ፣ የጥይት ብዛት፤
ከዚያ ወዲያ የላት፣ ለነፍስ የሚሆን ስፋት።

ሰዓት፦ አሥራ አንድ ተኩል፣ የሥራ መውጫ ግፊያ፤
ቦታ፦ ወደ ለገሃር መውረጃ፣ የታክሲ መጠበቂያ።
ሰልፉ እባብ ሆኖ አስፋልቱን ታኮ ተኝቷል፣
ወያላው «ሜክሲኮ! ሣር ቤት!» ሲል ጉሮሮው ነቅቷል።
መሀል ላይ አንድ ሰው፣ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ፣
የደንበኛው ጸጉር ብጥስጣሽ ደረቱ ላይ እንደፈሰሰ፤
ግራ እጁ ባዶ፤ በቀኙ ምላጭ፣
ፀሐይ ስትነካው እንደ ዓሣ ከጣት አምላጭ።

የኔም እጅ ወደ ምላጩ ሄደ። መቼ እንደ ወረደ አላውቅም፤
ማሠልጠኛ ያስተማሩት እጅ ጌታውን አይጠይቅም።
ሁለት ምላጭ በአንድ መንገድ፤ አንዱ ጺም ሊላጭ የተሳለ፣
ሌላው ሊሳብ የተወለወለ፣ ወገቤ ላይ የዋለ።
ቋንቋችን ለምን አንድ ስም እንዳወጣላቸው
ያን ዕለት ገባኝ፤ ሥጋ ነው መንገዳቸው።

አሠልጣኛችን መቶ አለቃ ንዳው፣ እጃቸው የሚርድ ሽማግሌ፣
«ልጄ» ይሉኝ ነበር፣ «ዒላማው ወረቀት አይደለም ሁሌ።
ከወረቀት ኋላ አፈር ነው፤ ከሰው ኋላ ግን ሰው አለ፤
ጥይት መታወቂያ አይጠይቅም፣ ‹እርስዎ ይለፉ› እያለ።
ቃል ካፍ ቢወጣ አፋፍ፤ ቢሆንም አስታራቂ ይመልሰዋል፤
ካፈሙዝ የወጣውን ግን የትኛው አስታራቂ ይደርስበታል?»

አየሁ እንግዲህ ከኋላው፦
አንዲት ተማሪ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ያቀፈች፣
አንዲት ሴት፣ ሆዷ የገፋ፣ ምሰሶ የተደገፈች፤
ሊስትሮው ብሩሹን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቀርቷል፤
ከነሱም ኋላ መስታወት፤ በመስታወቱ እኔ፤ ፊቴ ጠቁሯል።

ከጎኔ ኮንስታብል ልሳኑ፣ ከተመረቀ ሦስተኛ ወሩ፣
«በዪው ሳጅን፣ በዪው!» አለ፤ ላብ ይወርዳል ከከናፍሩ።
አልፈርድበትም። ፍርሃትም ደንብ አለው፣ ፈጥኖ የሚነበብ፤
የኔው ደንብ ግን ረጅም ነው፣ በትንፋሽ መሀል የሚታሰብ።
በመሀላችን ስንት እርምጃ አለ? ዘጠኝ። ስለቱስ ወዴት ዞሯል?
ወደኛ አይደለም። ወደ ገዛ አንገቱ ነው፤ ጅማቱ ተወጥሯል።

ሰውን ከሞት ላድን ብዬ ልገድለው ነበር ለካ!
መዳፌን ባዶ ዘረጋሁ፣ ወገቤን እጄ ሳይነካ።
«ወንድሜ፣ ማን ልበልህ?»
«ሽመክት።»
«ሽመክት፣ የማን ጸጉር ነው ጋዋንህ ላይ?»
ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ግን ጎንበስ አለ ሊያይ።
«የመጨረሻው ደንበኛ ነው» አለ፤ «አንድ ጉንጩን ላጨሁት፤
ሱቁ ታሸገ። ገሚስ ፊቱን እንደጎፈረ ሸኘሁት።»
ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ። ሽመክትም ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ፤
ምላጩ አስፋልት ላይ ሲወድቅ ሰልፉ በአንድ ሳንባ ተነፈሰ።

«ስለዚህ አይተኮስም» አትበሉኝ፤ የዋህ አይደለሁም፤
ስለቱ ወደ ተማሪዋ ቢዞር ስም ለመጠየቅ አልቆምም።
አወጣለሁ፤ እተኩሳለሁ፤ ዕድሜ ልኬን እሸከመዋለሁ፤
ልክ ነበርኩ ብዬ አልተኛም፤ ዘገየሁ ብዬም እባንናለሁ።

ኢንስፔክተሩ ቅጹን አይቶ «ሣጥኗ ባዶ ናት» አለኝ፤
«ወጥቷል ወይስ አልወጣም?» እስክሪብቶውን አቀበለኝ።
ግማሽ ወጥቶ ነበር ከአፎቱ፤ ግማሽ የሚል ሣጥን የለም፤
እኔም ግማሽ ወጥቼ ነበር፤ ያ ግማሽ ገና አልተመለሰም።

«አይ» ላይ ምልክት አድርጌ ጥይቱን አስቆጠርኩ፦ ስምንት ወጣ፣ ስምንት ገባ።
ማግስቱን ልሳኑ ጺሙን ሳይላጭ መጣ፤
«ምላጭ ስነካ» አለ፣ «እጄ ባባ»።