የላላ ማሳ

ሳምንቱን በሙሉ፣ ከአዘዞ ስመለስ፣ ማታ፣
መንገዱ በሞላ ይሰጠኝ ነበረ ሰላምታ።
አይሱዙው ይጠቅሳል፣ ዶልፊኑ ይጠቅሳል፣
የባጃጁ ልጅም እጁን ያነሣል፤
አንዱማ ቆመና፣ አንገቱን አስግጎ፣
«ትራፊክ የት ጋ ነው?» አለኝ፣ መስተዋት ዝቅ አርጎ።
እኔ ምን አውቄ!
ጎንደር ወደደችኝ፣
በዚህ ጨለማ እንኳ ለይታ አወቀችኝ፣
ብዬ ነበር።

እስከ ዐርብ።

ዐርብ ከብልኮ ወዲህ፣ መንገዱ ሲጠመዘዝ፣
አንዲት አህያ ቆማ፣ በመሐል፣ ስትተክዝ፦
በራ፣ ጆሮዋን አየሁ።
ጠፋ፣ አጣኋት።
በራ፣ ዓይኗ ከዓይኔ ገጠመ፣
ፍሬኔን ያዝሁላት።
እሷስ ቀና ብላ አለፈች፣ ጭዷን እንደ ጫነች፤
የኔ ነፍስ ግን እስከ ቤት ከመሪው ላይ ተንጠለጠለች።

ለካስ ያ ሰላምታ፣ ያ ሁሉ ወዳጄ፣
መብራቴ በራሱ ጠቅሶት ነው፣ ሳይነካው እጄ።

ቅዳሜ፣ ገና ጧት፣ ኮፈኑን ገተርሁት።
ሚስቴ ትርንጎ «ተው፣ ጋራዥ ውሰደው» አለች፤
የጋራዡን ዋጋ ብነግራት ዞር ብላ ሳቀች።
መጀመሪያ አምፖሉን፣ ገዛሁ፣ ቀየርሁት፤
ስምንት መቶ ብሬን የበላው አዲሱ
እንደ አሮጌው ጠቀሰኝ፣ አላፈረም እሱ።
ፊውዙን ነቀልሁና ወደ ፀሐይ አየሁ፤
ክሩ አልተበጠሰም። መልሼ ሰካሁ።
ሪሌውን አወጣሁ፣ ከጥሩምባው ጋራ አለዋወጥሁት፤
ጥሩምባው ሰፈሩን ቀሰቀሰ። መብራቱን ያው አገኘሁት።
ሞርሴቶው ላይ ነጭ ጨው በቅሏል እንደ ሽበት፣
በሙቅ ውኃ አጠብሁ፣ አጠበቅሁ ባለበት።
ምንም።
በመጨረሻ ተናድጄ ፓራፋንጎውን በጡጫ ብለው፣
ጥቅስ!
«እህ» አልሁ፣ «የላላ ነገር አለው።»

አጎቴ እንዳላማው ከቆላ ድባ መጥቶ፣
የወሰን ክርክሩን ይግባኝ ሊል፣ እኔ ቤት ሰንብቶ፣
ከደጁ ድንጋይ ላይ፣ ፋይሉን በፌስታል አቅፎ፣ ያየኛል።
ማንደፍሮ ኤሌክትሪሻኑ ከስልኬ ውስጥ ይጮኻል፦
«ማሳው ነው የላላ! ማሳህን እየው!»

አጎቴ ብድግ አለ። «ማሳዬን? ማን ነው ይኸ ሰው?
ወሰኔን ገፋው ወይ ያ ጎረቤቴ?»
«የለም፣ አጎቴ፣
ማሳ ማለት እዚህ... ጥቁሯ ሽቦ ናት፤
ኤሌክትሪኩ ሠርቶ ሲያበቃ ወደ ባትሪው የሚመለስባት።
ከመኪናው ገላ በብሎን ትታሰራለች፤
ከላላች...»
«ገባኝ» አለኝ። «ቤት አልባ ታደርገዋለች።»

ከመብራቱ ኋላ አገኘናት፣ በዐሥር ቁጥር ቁልፍ ፈታናት፤
የሆነ ቀለም ቀቢ፣ ዱሮ፣ በላይዋ ቀብቶባት፣
ሥሯ ዝገት።
ብርጭቆ ወረቀት አልነበረኝም። አጎቴ ካራውን አወጣና፣
«የወሰን ድንጋይም እንዲህ ነው» እያለ ይፍቅ ጀመር፣ በጥሞና፣
ብረቱ እንደ ጥርስ እስኪነጣ።
አሰርኋት። የትርንጎን ቫዝሊን ቀባኋት፣ ዝናብ ሲመጣ
እንዳትዝግ።

ማታ ሰፈሩ መብራት የለውም፣ ያው እንደ ልማዱ።
ግንቡ ላይ ሁለት ክብ ብርሃን ቆሙ፣ ሳይመጡ ሳይሄዱ።
አጎቴ ከፊታቸው ገባ። ከፌስታሉ ወረቀቱን አወጣ፤
ጥላው ግንቡን ሞልቶ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ ቃል በቃል፣
የቀጠሮውን ቀን ፈለገ፦
ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት።
ቤንዚን ውድ ነው። ቢሆንም ሞተሩን አላጠፋሁም።
ሁለት ጊዜ አነበበው።

ሰኞ ማታ ከአዘዞ ስመለስ ማንም ሰላም አላለኝ።
አይሱዙው ዝም። ዶልፊኑ ዝም።
ከብልኮ ወዲህ፣ ኩርባው ላይ፣ እንዲያው ሆዴ ባር ባር ቢለኝ፣
እኔው በእጄ ጠቀስሁ፣ አንዴ።
ከማዶ አንድ የማላውቀው መለሰልኝ።