ይበቅላል ወይ?

ገላን መጋዘን ሥር፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
በዳቱ ቆማለች ከረጢት አንጠልጥላ፤
የዩሪያ ከረጢት፣ ዕዳው ያልተከፈለ፣
ስንዴዋ ግን በዋግ በቁሙ የከሰለ።

«ስንት ነፍስ አላችሁ?» አላት መዝጋቢው፤
«ስድስ…» ብላ ዋጠች። ቱፋ ከተማ ነው፣
ከጥር ወር ወዲህ ያላለቀ ፎቅ ነው የሚጠብቀው።
«አምስት» አለች ቀስ ብላ፤
አንድ ቃል አቃንታ አሥራ አምስት ኪሎ ጣለች።
አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ ከወረቀቱ ጥግ አተመች።

ስንዴው ሲሰፈርላት ከላይ ጥቂት ዘገነች፤
አንዱን ፍሬ በጥርሷ ሰብራ ውስጡን አየች።
«ልጄ፣ ይሄ ስንዴ ቢዘራ ይበቅላል ወይ?»
ሳቀ ሰፋሪው።
«እማማ፣ የመጣው ለመብል እኮ ነው፣
ባሕር ተሻግሮ፣ ማን ለዘር አሰበው!»
እሷ አልሳቀችም።
ዕፍኝ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

ማታ አራቱን ልጆች ንፍሮ አብልታ ስታበቃ፣
በቲማቲም ጣሳ፣ ከእርጥብ ጨርቅ መሐል፣ ሰባት ፍሬ አኖረች፤
ጠዋት ጠዋት ገልጣ ታያለች።
ከትናንት ወዲያ ምንም። ትናንትም ምንም።
ዛሬ አንዱ ፍሬ ግን ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አለው፤
ሥር ይሁን ሻጋታ፣ ነገ ነው የሚለየው።