የሃያ ራንዱ ዝሆን

እሑድ ነው። ኬፕታውን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤
የካየሊቻዋ ቀይ ኮንቴይነር ግን በሯን ከፍታ ታስላለች።
ድሮ ከባሕር ማዶ ሳሙና ጭና የመጣች ናት፤
ዛሬ ዐሥራ ሰባት ብስክሌትና አርባ ልጅ አላት።

አርባን ለዐሥራ ሰባት ማካፈል አስተማሪን ያስቸግራል፤
እኛ ዘንድ ቀላል ነው፦ ኮርቻው ሳይበርድ ወራጁ ለወጪ ያስረክባል።

ዛሬ እንግዳ አለብን፦
ከተራራው ማዶ፣ ወይን ከሚለቀምበት፣
ብስክሌቱን በመኪና አናት ላይ አዝሎ የመጣ ሁለት መቶ ጋላቢ፤
ለያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወዳጅ ዘመዱን ያስማለ፣
ቁጥሩን ጀርባው ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰክቶ
«ለልጆቹ ስንል» ያለ።

እኔ ጭራ ነኝ።
የወደቀ አነሣለሁ፣ የደከመ አባብላለሁ።
ጭራ ምን ያያል ቢሉኝ
የሁሉን ጀርባ አያለሁ።

ከፊቴ ንዲሌካ ናት፤ ዐሥራ አራት ዓመቷ፣
ፔዳሉ ታች ሲደርስ የሚያመልጣት ከጣቷ።
ኪሷ ውስጥ የእናቷ የሾርባ ማንኪያ አለ፣
ጫፉ በሞረድ ተስሎ ጎማ መንቀያ የተባለ።
ካቴና ሲባል ፊት የምታውቀው
በአጎቷ እጅ ላይ ነበር፤
አሁን ዘይት ቀብታ ታዞረዋለች፤
ሰው ይዞ ወደፊት እንደሚሄድም አየች።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ጠበቀን፤
አሸዋ በአካፋ እየዛቀ ከአስፋልቱ ጋር ቀበረን።
ቤት የሚያሠራ ገንዘብ የወጣበት ይሁን የተበየደ
ሁሉን በአንድ አፍ ሰደበው፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣
«ጢሽሽ» —
ሚስተር ቤስተር ቆመ፤ በአንድ ጣት የሚነሣ ብስክሌቱን ይዞ።
ስልኩን አወጣ፤
የሚደውልለት ሰው ሁሉ ገና አልነቃም።

ንዲሌካ ወረደች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።
ማንኪያውን መዘዘች፣ ጎማውን ገለበጠች፣
ሽንቁሩን በአውራ ጣቷ ለካች።
«የውስጡ ይቀየራል፤ የላዩ ግን ተሰንጥቋል፣
አዲሱም በዚያው አፍጥጦ ይወጣል።
ወረቀት ስጠኝ፣ የማይቀደድ።»

ኪሱን በረበረ። ካርድ፣ ካርድ፣ ቁልፍ፣
በመጨረሻ አንዲት ሃያ ራንድ፤ ቡናማ፣ ዝሆን ያለባት።
«ይበቃል? ከሌሎቹ ልበደር?» አለ፤
ዋጋ የጠየቀችው መስሎት።

ቀና ብላም አላየችው።
ሁለቴ አጠፈቻት፤
ዝሆኑን ወደ ቁስሉ አዙራ፣ ከጎማው ሆድ ለጠፈቻት።

ከዚያ መንፊያውን እኔ ያዝሁ።
ሲሰድበን የዋለውን ያንኑ ነፋስ
በእፍኝ በእፍኝ እየቀማሁ
ጎማ ውስጥ አሠርሁት፤
ከፊት ሲመጣ የጣለን
ከሥር ሲገባ ሊሸከመን።

«ስንት ልክፈልሽ?»
«ከፍለሃል። ውስጥ ነው።»
ትንሽ ሄዳ ዞር አለችና፦
«ቀስ ብለህ ንዳ ታዲያ፣ ዝሆን ነው የጫንከው!»

ሳቀ። ነፋሱ ሳቁን ነጠቀው።
የቀረውን መንገድ ሁሉ ግን
ድንጋይ ባየ ቁጥር በዝግታ ሲያልፍ አየሁ፤
አልኩ እኮ፣ ጭራ ነኝ፣ የሁሉን ጀርባ አያለሁ።

መድረሻው ላይ ማይክሮፎን ነበረ፣ ጭብጨባ ነበረ፤
የተሰበሰበው ስድስት ብስክሌት ይገዛል ተባለ።
አርባ ለሃያ ሦስት።
አሁንም አይካፈልም።

ንዲሌካ ወርዳ ኮርቻውን ለሲያምቴምባ ሰጠች፤
እንደ ሞቀ።
ትንሹ ሉንዲ የቤስተር ጎማ ላይ ጆሮውን ለጥፎ ቆየና
«ዝሆኑ እዚያ ውስጥ በምን ይተነፍሳል?» ብሎ ጠየቀኝ።
መልስ ሳምጥ፣ አንዱ ወረደ፤
ተራው ደርሶ፣ ጥሎኝ ሄደ።